«ቻርጅድ ዊዝ» ክስ ነው ወይስ ኃላፊነት?

ጥያቄ (ከገላን)፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ገላን በሚገኝ አንድ መጋዘን በንብረት ተቀባይነት እሠራለሁ። ሥራ አስኪያጁ ለደንበኞች በላኩት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ከስሜ ቀጥሎ «ኢዝ ቻርጅድ ዊዝ ሪሲቪንግ ጉድስ» የሚል ሐረግ ሰፍሯል። አንድ ባልደረባዬ «ዕቃ በመቀበል ተከሷል ማለት ነው» ስላለኝ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርሁ። እኔ ቻርጅ ሲባል የማውቀው የስልክ ባትሪን ብቻ ነውና ፍቺውን ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (የእንግሊዝኛ መምህር)፦ አይስጉ ወንድሜ፣ አልተከሰሱም። ሐረጉ ሁለቱንም ፍቺ የሚሸከም ሲሆን የሚለየው ተከትሎት የሚመጣው ቃል ነው፤ ስርቆት ወይም ግድያ ከተከተለው «ተከሰሰ»፣ ሥራ ከተከተለው ደግሞ «ኃላፊነት ተሰጠው» ይሆናል። ቃሉ የተገኘው በላቲን ጋሪ ማለት ከሆነው «ካሩስ» ሲሆን የመጀመሪያ ፍቺውም መጫን ነበር፤ በመጋዘናችሁ በየቀኑ የምትጠሩት ካርጎም የዚሁ ዘር ነው። አማርኛችንስ «ግብር ጫነበት»፣ «ኃላፊነት ጫነበት» ይል የለምን? ገንዘብ ማስከፈሉም፣ ጠመንጃ ማጉረሱም፣ ባትሪ መሙላቱም ከዚሁ ከመጫን የፈለቁ ናቸው።

መልስ (ጠበቃ)፦ መምህሩ ባሉት እስማማለሁ፤ ሆኖም የባልደረባዎ ጥርጣሬ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን የእንግሊዝኛ ቅጂ በወንጀል የተገኘ ንብረት የመቀበልን ወንጀል «ሪሲቪንግ» ብሎ ስለሚጠራው፣ ከ«ቻርጅድ ዊዝ» ቀጥሎ ይህን ቃል ማስፈር የሕግ ሰውን ዓይን ይይዛል። «ኢን ቻርጅ ኦፍ ሪሲቪንግ ጉድስ» (የዕቃ መቀበል ኃላፊ) ተብሎ ቢታረም ክስ የሚለው ፍቺ ፈጽሞ አይታሰብም። ነገር ግን «ዘ» ተጨምሮ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» እንዳይባል ይጠንቀቁ፤ ያን ጊዜ ኃላፊው ሌላ ሆኖ እርስዎ በእርሱ ጥበቃ ሥር ያሉ ይመስላል።

መልስ (ትራንዚተር፣ ቃሊቲ)፦ በኢንቮይስ ላይ በብዙ ቁጥር «ቻርጅስ» ከተባለ ነገሩ ክፍያ ብቻ ነው። «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» የሚለውንም «ከክስ ነጻ» ብሎ የተረጎመ ሰው ገጥሞኛል፤ «ያለ ክፍያ» ማለት ነው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ጠዋት «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ብለው አርመውልኛል፤ አስቀድሞ ለደንበኞች የደረሱትንም እንዲተኩልኝ ጠይቄያቸዋለሁ።