ሜታሊካ (ኤም72)፦ ሜዳ ላይ ወይስ ወንበር?

ዳኒ_ድራም፦
ለሮክ ባንዱ ሜታሊካ ኤም72 የኮንሰርት ዙር፣ ለሁለቱም ምሽት ትኬት ልገዛ ነው፣ አሜሪካ ስታዲየም ውስጥ። መድረኩ ክብ ስለሆነ የት ልቁም? ስኔክ ፒት ከዋጋው አንጻር ያዋጣል? ለጆሮስ ምን ልያዝ?

ባለሰባት_ክር፦
ዳኒ፣ ይሄ መድረክ "ፊት ለፊት" የሚባል ነገር የለውም። ቀለበት ነው፤ ስኔክ ፒት የሚባለው የቀለበቱ መሀል ነው። የድራመሩ የላርስ ድራም በአራት ቦታ እየተቀያየረ ይወጣል፣ ድምፃዊው ሄትፊልድም ከማይክ ማይክ ይዞራል። የትም ብትቆም አንዳንዱን ዘፈን ጀርባቸውን እያየህ ነው የምትሰማው። ስፒከሩና ስክሪኑ መድረኩን በከበቡት 8 ማማዎች ላይ ስለሆነ፣ ወንበር ስትመርጥ ማማ እንዳይጋርድህ ካርታውን እይ።
ሁለቱ ምሽቶች አንድም ዘፈን አይደግሙም፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው በ"ማስተር ኦፍ ፐፔትስ"፣ ሁለተኛው በ"ኢንተር ሳንድማን" ይዘጋል። ስለዚህ አንዱን ምሽት ሜዳ፣ ሌላውን ከፍ ያለ ወንበር ውሰድ። ስኔክ ፒት? ገንዘብ ከተረፈህ ብቻ።

ጆሮ_ጠባቂ፦
100 ዴሲቤል ላይ ያለ መከላከያ የሚመከረው 15 ደቂቃ ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ሮክ ኮንሰርት ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ርካሹ ስፖንጅ መድፈኛ ይከላከላል፣ ግን ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ስለሚበላ ሲምባሉና ድምፃዊው ይታፈናሉ። ለሙዚቀኞች የተሠራው ባለፊልተር ሁሉንም በእኩል፣ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ያህል፣ ዝቅ ያደርጋል።
ስፖንጁን አጥብቀህ አድቦልቡለው፣ በሌላው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ አስገባና እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያዘው። ግማሹ ውጭ ከቀረ አልሠራም ማለት ነው። ጓደኛ ለማናገር አታውጣው! ከመክፈቻው ባንድ በፊት አድርገው።

ሜዳ_ለሜዳ፦
ስኔክ ፒትን እንዲህ አታጣጥሉት፤ ጣታቸው ጊታሩ ላይ ሲሄድ ማየት ለሚፈልግ ሌላ ቦታ የለም።
ትኬቱን ቤት ሳለህ ስልክህ ዋሌት (ትኬትና ካርድ ማስቀመጫ መተግበሪያ) ውስጥ ክተተው። በር ላይ ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ ባርኮዱ በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚታደስም ስክሪንሾት አይነበብም። የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ስታዲየም ከሆነ ቦርሳህ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ፣ ቢበዛ 30 በ15 በ30 ሴንቲ ሜትር ይሁን።
ሜዳው ላይ ሰው ክብ ሠርቶ መሮጥ ከጀመረና ካልፈለግክ ወደ ጎን ውጣ፤ ወደ ኋላ ከገፋህ ግፊያው ይብሳል። የወደቀ ካለ ሁሉም ቆሞ ያነሳል፣ ሕጉ ነው።
ሽንት ቤት ቀድመህ ሂድ። የፊልም ሙዚቃ ደራሲው የሞሪኮኔ "ዘ ኤክስታሲ ኦፍ ጎልድ" ከተከፈተ ሜታሊካዎች ወደ መድረክ እየወጡ ነው፤ ከ1983 ጀምሮ መግቢያቸው እሱ ነው።

ዳኒ_ድራም፦
አመሰግናለሁ። ለመጀመሪያው ምሽት ሜዳ፣ ለሁለተኛው ወንበር ወስጃለሁ፤ መድፈኛውም ባለፊልተር።