መጀመሪያዬ ነው፦ በረዶ ላይ ሁለት ቀን ከጓደኞቼ ጋር፤ ምን ልልበስ፣ ምን ልፍራ?

ቀጭኗ መንገደኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጓደኞቼ «ቅዳሜና እሁድ ተራራ እንውጣ» አሉኝ። እሺ ካልኩ በኋላ ነው «በስኖውሹ ነው እኮ» ያሉኝ። ለማያውቅ፣ ስኖውሹ በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጡ ከቡትስ ሥር የሚታሰር ሰፊ ነገር ነው። ፎቶውን ሳይ የቴኒስ ራኬት የረገጠ ሰው መሰለኝ።

አምስት ነን። ሁለቱ በየዓመቱ የሚሄዱ ናቸው። ሁለቱ እንደኔ ጀማሪ ቢሆኑም ከጂም የማይጠፉ ጉልበታሞች። እኔ ደረቅ መሬት ላይ ሰባት ስምንት ሰዓት ብሄድ አላማርርም። በረዶ ላይ የሄድኩት ግን ከበር እስከ መኪና ነው፤ እሱንም ሁለቴ ወድቄያለሁ።

ቅዳሜ 12 ኪሎ ሜትር ሄደን ጎጆ ውስጥ እናድራለን፣ እሁድ በሌላ መንገድ እንመለሳለን ተብሏል። 12 ኪሎ ሜትር ለኔ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በረዶው ምን ያህል ይጨምርበታል? ወፍራም ካፖርት አለኝ፣ ይበቃኛል? ሁለት ካልሲ ልደርብ?

እውነቱን ለመናገር ግን የሚያስጨንቀኝ ብርዱ አይደለም። እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ አራት ሰው ቆሞ ሲጠብቀኝ ነው። «አይዞሽ፣ ቀስ በይ» ሲሉኝ ደግሞ ይብስብኛል።

አሮጌ ቡትስ፦

ካፖርቱን ቤት ተይው እህቴ። ሁለተኛውን ካልሲም።

የመጀመሪያዬን ልንገርሽ። ጂንስ ሱሪ፣ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ካፖርት ለብሼ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ዳገት እንደወጣን ካናቴራዬ ቢጨመቅ ባልዲ የሚሞላ ሆነ። እንዲያውም «ብርድ የታለ?» እያልኩ ስቀልድ ነበር። ጫፉ ላይ ፎቶ ልንነሳ አሥር ደቂቃ ቆምን። በቃ። ያ ሁሉ ላብ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ። ጂንሱ ከጉልበቴ በታች እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ስራመድ ኳ ኳ ይል ጀመር። ሁለቱ ካልሲዎች ቡትሱን ስላጠበቡት ደም መዘዋወሪያ አጣ። ጣቶቼ የራሴ አልመስል አሉኝ።

በብርድ የሚያስመታሽ ላቡ ነው። ስለዚህ ስስ ስሱን ደርቢ። ከሥር የሱፍ ወይም የስፖርት ካናቴራ፤ ጥጥ ውሃ ይዞ ስለማይለቅ አይሆንም። መሃል ላይ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና እርጥበት የሚከለክል ጃኬት። ወፍራሙ ጃኬት ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። እሱ የሚለበሰው ስትቆሚ ነው፤ ያውም ብርዱ ሳይሰማሽ፣ ወዲያው። ስትነሺ ትንሽ ብርድ ብርድ ካላለሽ ልብሱ በዝቷልና አንዱን አውልቂ። ካልሲ አንድ የሱፍ ይበቃል፣ ቡትሱ ውስጥ ጣትሽ መንቀሳቀስ አለበት። ትርፍ ጓንት ያዢ፤ አንዱ መርጠቡ አይቀርም።

ስኖውሹ ስትከራዪ ክብደትሽን ይጠይቁሻል። ቦርሳውን ደምረሽ ንገሪያቸው። እኔ አፍሬ ቀንሼ ተናግሬ ቀኑን ሙሉ እስከ ጉልበቴ ስሰምጥ ዋልኩ። አዲስ የወረደ በረዶ እስከ 90 በመቶው አየር ሊሆን ስለሚችል ለውሸት ቦታ የለውም።

አረማመዱ ቀላል ነው። እግርሽን ከፈት አድርጊ፤ አለዚያ የራስሽን ጠርዝ ረግጠሽ በግንባርሽ ትተከያለሽ። ዳገት ላይ ከጣትሽ ሥር ያለውን ጥርስ በርግጫ ሰክተሽ ውጪ። ቁልቁለት ላይ ጉልበትሽን ሰበር አድርጊ። ወደ ኋላ ግን አትራመጂ፣ ጅራቱ ይቀበርና ቁጭ ነው።

የሦስት ሰዓቱን ስሌት እርሺው። ዳገት ባለው ያልተረገጠ በረዶ ላይ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጎበዞች ናችሁ። ዕረፍት ሳይቆጠር ስድስት ሰዓት በይው። ቀኑ ደግሞ አጭር ነው። ከመነሳታችሁ በፊት «ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ግማሹን ካላለፍን ወደ መኪናው እንመለሳለን» ተባባሉ። ጠዋት መኪናው አጠገብ መሆን አለበት። ተራራው ላይ ከሆነ በኋላ ሁሉም «ትንሽ ነው የቀረን» ይላል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። በረዶ ላይ የሚለፋው ፊት ያለው ነው። እሱ መንገድ ይረግጣል፣ ሌላው በተረገጠው ይሄዳል። ጉልበታሞቹ በየአሥር ደቂቃው ይፈራረቁ፤ የደከመው ወደ ጎን ይወጣና ሰልፉ ሲያልፍ ከጀርባ ይገባል። አንቺ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ሁኚ። መጨረሻ ግን አትሁኚ።

ደግሞ ይህን ከመነሻው ተናገሪ። አብዛኛው ቡድን ምን ያደርጋል መሰለሽ? ፈጣኖቹ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ። የመጨረሻው ሰው እያለከለከ ብቅ ሲል «በሉ እንሂድ» ይላሉ። ዕረፍት ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይሄዳል ማለት ነው። በሦስተኛው ፌርማታ ላይ «ቀርፋፋ ናት» ትባያለሽ። ዕረፍቱ የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ቦርሳውን ሲያወርድ ነው፤ ይህን ካልተስማሙ አትሂጂ።

ከሸለቆው ማዶ፦

ጋሼ ቡትስ ጥሩ ብለዋል፣ ናዳውን ግን ዘለሉት።

የበረዶ ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ ነው። መንገዳችሁ ሜዳ ቢሆንም ከላዩ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ካለ ይመጣባችኋል። ሁለቱን ነባሮች «የናዳ ማስጠንቀቂያውን አይታችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። 3 መሃል ላይ ስለሆነች ቀላል ትመስላለች። ብዙ ሰው የሚሞተው ግን እሷ ላይ ነው፤ 5 ሲሆን ማን ይወጣል? «ተይ ባክሽ፣ በየዓመቱ እንሄዳለን» ካሉሽ መልስ አይደለም።

እንዲህ ያለ ቦታ የምታቋርጡ ከሆነ እያንዳንዳችሁ የተቀበረ ሰው ያለበትን ቦታ የሚጠቁመውን መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ መያዝ አለባችሁ። አጠቃቀሙንም መለማመድ። የተቀበረ ሰው በአሥር ደቂቃ ገደማ ካልወጣ ዕድሉ ቶሎ ነው የሚያሽቆለቁለው፤ ስለዚህ የሚያወጣው አብሮት ያለው ነው። ለጀማሪ ግን የሚሻለው ቦታውን ጨርሶ የማይነካ መንገድ ነው። አሰልቺ ይሁን፣ ምን ችግር አለው።

3 በመቶ፦

ስሜን ያወጣልኝ አንድ ተራራ ነው። ካርታው ስልኬ ላይ ነበር፤ 40 በመቶ እያለው በብርዱ ጥርቅም አለ። ጓደኛዬ ብብቱ ሥር ከትቶ ካሞቀው በኋላ ተነሳ፣ 3 በመቶ ይላል። ስልክሽን የውስጥ ኪስሽ ውስጥ አድርጊ። ካርታውን በወረቀትም ያዙ፣ የግንባር ባትሪም።

ውሃ ጠርሙሱን ዘቅዝቀሽ ክተቺው። የሚጋገረው ከላይ ስለሆነ ክዳኑ አይዘጋብሽም። የፀሐይ መነጽር በደመናም ቀን አይቅር። እርስ በርስም ፊት ተያዩ። የሰው አፍንጫ ወይም ጉንጭ ነጣ ካለ ውርጭ እየመታው ነው፣ እሱ ራሱ አይሰማውም። በሞቀ እጅ ሸፍኑት እንጂ አትሹት።

ቀጭኗ መንገደኛ፦

ተመልሻለሁ። ሰኞ ማታ ነው፣ ደረጃ የምወርደው በጎኔ ነው። ለካ ታፋ ፊት ለፊትም ጡንቻ አለው።

ስለ ናዳው ስጠይቅ ዝም ተባለ። ከዚያ አንዱ ስልኩን አውጥቶ አየ፦ 3። የታሰበው መንገድ በአንድ ቁልቁለት ሥር ያልፍ ነበር። ትንሽ ተጉረመረሙና በጫካው በኩል የሚሄደውን 8 ኪሎ ሜትር መረጡ። እሱም ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ጋሼ ቡትስ፣ ስሌትዎ ልክ ነው።

የዕረፍቱን ነገር መኪናው ጋ ተናገርኩ። ፊቴ ቀልቶ ነበር መሰለኝ። መጀመሪያ «እኔም ልል ነበር» ያለው ማን እንደሆነ ገምቱ። የጂሙ ሰውዬ! ፊት ወጥቶ እንደ ትራክተር መንገድ ሲጠርግ ቆይቶ በሁለተኛው ሰዓት ላይ እግሩ ተሳስሮ ከኔ ኋላ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ስንጠብቅ የዋልነው እሱን ነው። «አይዞህ፣ ቀስ በል» ማለት እንዴት ደስ እንደሚል አልነገራችሁኝም።

እሁድ በራሳችን ዱካ ስለተመለስን ግማሽ ጊዜ ነው የፈጀው። ሌሊት በረዶ አልጣለም ነበር። የረገጥነው መንገድ ጠንክሮ አስፋልት ሆኖ ጠበቀን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቡትሴን ማሞቂያ ላይ አስደግፌው ነበር፣ ሶሉ ጫፉ ጋ መላቀቅ ጀምሯል። ምን ይሻለኛል?

አሮጌ ቡትስ፦

ኧረ አሁኑኑ አውርጂው! ውስጡን አውጥተሽ ለብቻ አስጪ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቂበት፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሪው። ሶሉን ጫማ ሠሪ ይየው።