ጥያቄ፦ ሜታል ለማይወድ አባት የትኛውን ዘጋቢ ፊልም ላሳየው?

ስድስት ክር፦
ሰላም ቤተሰብ። አባቴ ሙዚቃ አዋቂ ነው። የድሮዎቹን ኦርኬስትራዎች በአካል እያየ ነው ያደገው፤ ሳክስፎን ሲሰማ ተጫዋቹን በስም ይጠራል። እኔ ደግሞ የምጫወተው ሜታል ነው፤ ያ በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጮኸው ከባድ ሮክ። ጊታሬን በሰማ ቁጥር «ይሄ የሰይጣን ጩኸት ነው» ይላል። እንዲወደው አልጠብቅም፤ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ቢገባው ይበቃኛል። ቅዳሜ ማታ አንድ ዘጋቢ ፊልም አብሮኝ ለማየት እሺ ብሏል። እንግሊዝኛ አንብቦ ይረዳል፣ ፈጣን ንግግር ግን ያመልጠዋል። የቱን ልክፈትለት?

ዲስቶርሽን፦
«ሜታል፦ ኤ ሄድባንገርስ ጆርኒ»፣ በፈረንጅ 2005 የወጣው። ከሠሩት አንዱ ሳም ደን አንትሮፖሎጂ (የሰው ልጅ ባህል ጥናት) የተማረ ካናዳዊ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሜታል አፍቃሪ። ሰው ይህን ሙዚቃ ለምን እንደሚንቀው እየጠየቀ አገር ላገር ይዞራል። የአባትህ ጉዳይም ይሄው አይደል?

የቶሮንቶዋ፦
ዲስቶርሽን፣ ፊልሙን እኔም እወደዋለሁ። ለእኚህ አባት ግን አይሆንም። የኖርዌዩን ክፍል ረሳኸው? በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት ይነሳል፤ ድርጊቱን የሚደግፍ ሙዚቀኛም ይናገራል። «ሰይጣን» እያሉ ለሚፈሩ ሰው ይህን ካሳየህ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ወንድሜ፣ «አንቪል»ን ክፈትላቸው፤ የ2008 ፊልም ነው። አንቪል የዚሁ የቶሮንቶ ባንድ ነው። በ1984 ጃፓን ውስጥ ከስኮርፒየንስና ከቦን ጆቪ ጋር በአንድ ፌስቲቫል ተጫውተዋል። እነዚያ ገነኑ፣ እነሱ ቀሩ። ፊልሙ የሚያገኛቸው ሃምሳ ዓመት ሲጠጉ ነው። ዘፋኙ ሊፕስ በብርድ መኪና እየነዳ ለትምህርት ቤቶች ምግብ ያደርሳል። ከበሮ መቺው ሮብ የግንባታ ሥራ ላይ ነው። አውሮፓ ዞረው ለመጫወት ይሄዳሉ፤ ባቡር ያመልጣቸዋል፣ ፕራግ ላይ የክለቡ ባለቤት አልከፍልም ይላቸዋል። ለአዲሱ አልበም ገንዘብ ሲያጡ የሊፕስ እህት ታበድራቸዋለች። እዚያ ቦታ ላይ አባትህን እያቸው። እህት ለወንድሟ ስትደርስለት ለማየት ሜታል መውደድ አያስፈልግም።

ስቱዲዮ ውስጥ ሁለቱ ጓደኛሞች ይጣላሉ። ሮብ ትቼ እሄዳለሁ ይላል፣ ሊፕስ እያለቀሰ ይለምነዋል። ከአሥራ አራት ዓመታቸው ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው። እኔ ያንን ሳላለቅስ አይቼው አላውቅም።

ባለ ከበሮው፦
በአንቪል እስማማለሁ፤ ግን ቀድመህ ብቻህን እየው። ከወጣትነታቸው ዘመን የተወሰዱት የመድረክ ምስሎች ላይ ከአባት ጋር የማይታይ ነገር አለ፣ ስድብም አይጠፋም። የት ቦታ እንደሆነ ጽፈህ ያዝና ስትደርስ እለፈው። የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ከታች አብራላቸው።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። የታዋቂውን የሜታል ባንድ የሜታሊካን «ሳም ካይንድ ኦቭ ሞንስተር» (2004) ሙሉውን አታሳያቸው። ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ አብዛኛውም በወር 40,000 ዶላር ከሚከፈለው አማካሪ ጋር ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ነው። አንድ ቦታ ግን አለ። ከበሮ መቺው ላርስ አዲስ የተቀዳ ሙዚቃ ለአባቱ ያሰማል። አባትየው ቶርበን ኡልሪክ ጺማቸው የረዘመ፣ የቀድሞ የዴንማርክ ቴኒስ ተጫዋች ነበሩ። ጸጥ ብለው ይሰሙና እኔ ብሆን እሰርዘዋለሁ ይሉታል። በዓለም ከታወቁት ከበሮ መቺዎች አንዱ አባቱ ፊት እንደ ልጅ ሲሆን ታያለህ። ለእናንተ ሁለታችሁ የተቀረጸ ነው የሚመስለው።

ስድስት ክር፦
የላርስ አባት ነገር ሆዴን በላኝ። አንቪልን ዛሬ ማታ አየዋለሁ። ግን «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ቢለኝስ?

ዲስቶርሽን፦
የቶሮንቶዋ ልክ ናት፣ የኖርዌዩ ክፍል ይከብዳል። ለጥያቄህ ግን «ዴዝ ሜታል አንጎላ» አለልህ፣ 2012። ዋምቦ የምትባለው የአንጎላ ከተማ በእርስ በርስ ጦርነቱ ክፉኛ ተጎድታለች። እዚያ ሶንያ ፌሬይራ የምትባል ሴት ወላጅ አልባ ልጆች ታሳድጋለች፤ እሷና ሙዚቀኛው ዊልከር ፍሎሬስ በከተማው የሮክ ኮንሰርት ለማዘጋጀት ይታገላሉ። ጦርነት ላየ ሰው ጩኸቱ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አያስፈልግም። ወደ ቤት ቅረብ ካልክ ደግሞ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» አሰማቸው። አማርኛ ነው፣ ጊታሩም ከባድ ነው።

ከሄድባንገርስ ጆርኒ የሜታል ዘፋኙን የሮኒ ጄምስ ዲዮን ቃለ ምልልስ ብቻ ቁረጥላቸው። ያ የሜታል አፍቃሪዎች ሁለት ጣት ቀስረው የሚያሳዩት ምልክት ጣልያናዊት አያቱ ክፉ ዓይን ለመከላከል ይጠቀሙበት እንደነበር ይናገራል። ቡዳ ለሚያውቅ አባት ይሄ ከሰይጣን ጋር እንደማይገናኝ ወዲያው ይገባቸዋል።

የቶሮንቶዋ፦
ሁሉንም በአንድ ማታ አታጭቅባቸው። ቅዳሜ አንቪል ብቻ። የቴሌቪዥኑን ባስ ቀንሰው፤ ጥያቄ ሲያነሱ ፊልሙን አቁመህ መልስላቸው። የአንጎላውን እሳቸው ራሳቸው «ሌላ አለ ወይ?» ሲሉ ክፈተው።

ስድስት ክር፦
እሺ እህቴ፣ እንዳልሽው አደርጋለሁ። እሑድ ምን እንዳለኝ እጽፍላችኋለሁ።