«እኔ እኮ ደደብ ነኝ» ለምትል ልጅ ምን ይባላል?

ጠያቂ (የሁለት ልጆች እናት)
ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የሂሳብ ደብተሯን ገና ስትከፍት «እኔ እኮ ደደብ ነኝ» ትላለች። ታላቅ ወንድሟን ዘመድ ሁሉ «ጎበዙ» ነው የሚለው። እኔም «ኧረ አንቺም ጎበዝ ነሽ!» እላታለሁ፤ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ይህን ታፔላ እንዴት ላንሳላት?

መልስ (የአንደኛ ደረጃ መምህርት)
እህቴ፣ «ጎበዝ ነሽ»ም እኮ ያው ታፔላ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ጥያቄ አሠርተው አንዱን ቡድን «ጎበዞች ናችሁ»፣ ሌላውን «ጥሩ ጥረት አድርጋችኋል» ብለው አመሰገኑ። ከዚያ ከባድ ጥያቄ ሰጧቸው። መጨረሻ ላይ እንደ መጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ ሲፈተኑ፣ «ጎበዝ» የተባሉት ውጤታቸው ወረደ፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ተሻሻሉ። ጎበዝ የተባለ ልጅ ሲሳሳት ስሙን የሚያጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ለወንድሟም አስቢለት።

እኔ ክፍል ውስጥ «አልችልም» ከሚል ልጅ ጋር አልከራከርም። «የቱ ጋ ነው የያዘሽ?» ብዬ ጣቷን ቁጥሩ ላይ እንድታደርግ እጠይቃታለሁ። ለምሳሌ ከ503 ላይ 78 ስትቀንስ መሃል ያለችው ዜሮ ትይዛታለች። ከዜሮ እንዴት ይበደራል? ግራ ያጋባል። «ደደብነት» የተባለው ሁሉ ያቺ ዜሮ ሆና ትገኛለች። ከመቶው ተበድረን ዜሮዋን አሥር ስናደርጋት መንገዱ ይከፈታል።

መልስ (ሌላ አንባቢ)
እስማማለሁ፤ ግን ስም ሁሉ መጥፎ አይደለም። እኔን ለዓመታት «ሰነፍ» ሲሉኝ አምኜ ተቀብዬ ነበር። በኋላ ሐኪም «የድብርት ሕመም አለብህ» ሲለኝ እፎይ አልኩ። ያኛው ስም ሕክምና ይዞ መጣ፤ «ሰነፍ» ግን ከስድብ ሌላ ምንም አልሰጠኝም። ልጅቷ እየታገዘችም ቁጥር በጣም ካስቸገራት ባለሙያ ይያት። ምርመራ ፍረጃ አይደለም።

ጠያቂ
ተባረኩ። ዛሬውኑ «የቱ ጋ ነው የያዘሽ?» እላታለሁ። ዘመዶቹንስ? በተለይ አያቷን ምን ልበላት?

መምህርቷ
አያትን መቆጣት አይሆንም። ልጅቷ ባለችበት የሠራችውን ብቻ ንገሪያት፤ «ዛሬ ያቺን ከባድ ቅነሳ ለብቻዋ ጨረሰቻት» በያት። ደጋግመሽ ንገሪያት። አያት የሰማችውን ለዘመድ ሁሉ ታዳርሳለች።