አሰልጣኙ ሲሄድ «ሥራ ነው»፣ ልጁ ሲሄድ «ከዳተኛ»?

ቀይና ሰማያዊ፦
ትናንት እዚህ ስለ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኙ ስለ ሌን ኪፊን «ሥራ ቀየረ እንጂ ምን አጠፋ» ተብሎ የተጻፈውን አንብቤ በጣም ተናድጃለሁ። ኦክስፎርድ፣ ሚሲሲፒ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ኪፊን የያዘው ኦል ሚስ፣ ማለትም የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ፣ 11 አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ወደሚለይበት ፕሌይኦፍ ሊገባ ነበር። ሰውየው በዚያው ሳምንት፣ ኖቬምበር 30፣ 2025 ባተን ሩዥ ወዳለው ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) መሄዱን አሳወቀ። ያውም እዚያው ሊግ ውስጥ ላለ ባላንጣ። ድግሱ ተደግሶ፣ እንግዳው ማዕድ ቀርቦ፣ አባወራው ጎረቤት ቤት ሊበላ ሄደ ማለት ነው። ይህንን ሥራ መቀየር ነው የምትሉት?

ነብሩ ከባተን ሩዥ፦
ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም አልሰርዘውም። ኪፊን እኮ «ፕሌይኦፉን ጨርሼ ልሂድ» ብሎ ጠይቋል። እምቢ ያሉት የእናንተ ሰዎች ናቸው። ደግሞስ ተጫዋቾቹ በየዓመቱ ፖርታል (የዝውውር መዝገብ) እየገቡ የተሻለ ወደከፈላቸው ይሄዱ የለም እንዴ? ያኔ ማንም አያለቅስም። አሰልጣኙም ልጁም እኩል ናቸው። ሁለቱም ገበያ ላይ ናቸው።

ቀይና ሰማያዊ፦
ተቀናቃኛችን ሊሆን የፈረመ ሰው ሚስጥራችንን ይዞ ፕሌይኦፍ ያሰልጥን? አንተ ብትሆን ትፈቅዳለህ? ለነገሩ ያለ እሱ ምን እንደሆነ አይተሃል። በእሱ ቦታ የተተካው ፒት ጎልዲንግ ይዟቸው ጆርጂያን አሸንፈው ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። በማያሚ 31 ለ 27 ነው የተሸነፉት። ልጆቹ ናቸው የቆሙት፣ እሱ አይደለም። ያደረገው ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን በአንድ የውድድር ዘመን ጥሎ በ2010 ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩኤስሲ) የሄደውም እሱ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ የማንም ደጋፊ አይደለሁም። ግን ነብሩ «እኩል ናቸው» ያልከው ቃል አላስቀመጠኝም።

የምኖረው ዳላስ አጠገብ ነው። ትልቁ ልጄ ያንኑ ፉትቦል በፊት መስመር ይጫወታል። ለዩኒቨርሲቲ ሊፈርም ጥቂት ቀን ሲቀረው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ቤታችን መጣ። ደጃፍ ላይ የተደረደረውን ጫማ ሲያይ ሳንነግረው የራሱንም አወለቀ። ዶሮ ሠርቼ ነበር። በእጁ በላ፣ ቡናውን ሦስተኛው ድረስ ጠጣ። ከዚያ ባለቤቴን በስሙ ጠርቶ «ልጃችሁን አራት ዓመት እኔ ነኝ የምጠብቀው» አለ። አመንነው። ልጄ ዲሴምበር ላይ ፈረመ። የፈረንጆቹ ገና ሳይደርስ ሰውየው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እኛ ከስልክ ዜና ላይ ነው ያየነው። ደወልን፣ አያነሳም። ልጄ ቴክስት ጻፈለት። እስከዛሬ መልስ የለም።

አዲሱ አሰልጣኝ ደውሎ «ለእኔ አጨዋወት አትሆንም፣ ሌላ ቦታ ብትፈልግ ይሻልሃል» አለው። በትህትና ነው የተናገረው። ግን ያኔ ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ቦታቸውን ሞልተዋል። ስድስት የስኮላርሺፕ ኦፈር የነበረው ልጅ ጃንዋሪ ላይ አንድም አልነበረውም። እኩል ማለት ይሄ ነው?

ነብሩ ከባተን ሩዥ፦
እህቴ፣ ከልቤ አዝናለሁ። ያ ሰው ስልክ ማንሳት ነበረበት፣ በዚህ አልከራከርም። ግን አንድ መጥፎ ሰው ስላጋጠማችሁ ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዪ። ዛሬ አሰልጣኝ ሲለወጥ ለተጫዋቾቹ ለብቻው የፖርታል ጊዜ ይከፈታል። ደግሞ አሰልጣኝ መሄዱ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። አሰልጣኝ ኩርት ሲግኔቲ በ2023 መጨረሻ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ወደ ኢንዲያና ሲሄድ ከአሥር በላይ ልጆች ተከትለውታል። ኢንዲያና ማለት በታሪክ ብዙ በመሸነፍ የሚታወቅ ቡድን ነበር። በሁለተኛው ዓመት 16 ጨዋታ 16ቱንም አሸንፎ ዋንጫ በላ። ካልሄደ ይህ ይመጣ ነበር?

የሁለት ልጆች እናት፦
የተከተሉትን ቆጠርክልኝ። የቀሩትስ ስንት ናቸው? ልጄ ከቀሩት ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
እኔ በቁጥር ልምጣ። አሰልጣኝ ብራያን ኬሊ ኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲን በ2021 ጥሎ ኤልኤስዩ መጣ። ያኔም ኖተር ዳም 11 አሸንፎ አንድ ተሸንፎ ነበር። ልክ እንደ ኪፊን። ኦክቶበር 2025 ኤልኤስዩ አሰናበተው። የመሰናበቻ ካሳው ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር ነው። ጂምቦ ፊሸርን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 ሲያባርረው ከ75 ሚሊዮን በላይ ነበር። የእሱ ደግሞ ሌላ ሥራ ቢያገኝ እንኳ የማይቀነስ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ። ከጆርጂያ ወደ ሚዙሪ የተዛወረ አንድ ተከላካይ አለ። ጆርጂያ 390 ሺህ ዶላር ክፈለን ብሎ ሕግ ፊት አቁሞታል። ጥፋቱ መሄዱ ነው።

ተሸንፎ የተባረረው 54 ሚሊዮን ይከፈለዋል። በእግሩ የሄደው 390 ሺህ ክፈል ይባላል። ነብሩ፣ «እኩል» የምትለውን በዚህ አስረዳኝ።

ነብሩ ከባተን ሩዥ፦
ውል ውል ነው። ኬሊም ፈርሟል፣ ልጁም ፈርሟል። ውሉ ላይ ያለው ነው የሚፈጸመው። እኩል ያልኩት ሁለቱም በውል ስለሚተዳደሩ ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቾች ባቀረቡት የሐውስ ክስ ስምምነት ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለተጫዋቾቹ ይከፍላል። በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን። ድሮ ምሳ ከጋበዟቸው እንኳ ቅጣት ነበር። ይሄ ለውጥ አይደለም?

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ለውጥ ነው፣ እሰየው። ግን 20.5ቱ እኮ የሴቱም የወንዱም፣ የቅርጫት ኳሱም የዋናውም አትሌት በሙሉ የሚካፈለው ጣሪያ ነው። ኪፊን ብቻውን በዓመት 13 ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ ለሰባት ዓመት። ደግሞ «ሁለቱም ፈርመዋል» ትላለህ። አሰልጣኙ ሲፈርም ወኪልና ጠበቃ አጠገቡ ነው። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። አጠገቡ ያለችው እናቱ ናት።

የድሮ መምህር፦
ልጆች፣ እኔ የሁላችሁም ክርክር ይገርመኛል። ዩኒቨርሲቲ መማሪያ ነው። በብዙዎቹ ስቴቶች ከመንግሥት ተቀጣሪ ሁሉ ከፍተኛው ተከፋይ የኳስ አሰልጣኝ ነው። ከሐኪሙ በላይ፣ ከገዥው በላይ። እህቴ፣ አትቀየሚኝና ልጅሽን በኳስ ማን አስጀመረው? ጭንቅላቱን እየተጋጨ ከሚያድግ ኢንጂነሪንግ ቢገባ አይሻልም?

የሁለት ልጆች እናት፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው። ልጄ አሁንም እየተማረ ነው፣ ያውም ኮምፒውተር ሳይንስ። ግን ያ ስኮላርሺፕ ባይኖር እኛ ከየት አምጥተን እንከፍላለን? ባለቤቴ ሌሊት ይነዳል። እኔ ነርሲንግ ሆም ሁለት ሺፍት እሠራለሁ። ኳሱ ነው በሩን የከፈተለት። ጭንቅላቱን በተመለከተ የሚሉት እውነት ነው፣ እኔም አልተኛም። ግን «ማን አስጀመረው» አይበሉኝ።

የድሮ መምህር፦
ይቅርታ ልጄ። ቃሌን አንስቻለሁ። ስለ ደሞዙ ያልኩትን ግን አላነሳም።

ነብሩ ከባተን ሩዥ፦
ጋሼ፣ ያ ገንዘብ እኮ ባብዛኛው ከለጋሾች፣ ከቲኬትና ከቴሌቪዥን ነው የሚመጣው። ከፕሮፌሰር ደሞዝ የተቀነሰ አይደለም።

ቀይና ሰማያዊ፦
ታዲያ የሉዊዚያና ገዥ ለምን ገባበት? ኬሊ ሲባረር ጄፍ ላንድሪ በአደባባይ ወጥቶ ቀጣዩን አሰልጣኝ የኤልኤስዩ የስፖርት ዳይሬክተር ስኮት ዉድዋርድ አይመርጥም አለ። ግብር ከፋዩ ዕዳ ውስጥ ይገባል ብሎ ነው የተቆጣው። ዉድዋርድ ወዲያው ለቀቀ። ገንዘቡ የለጋሽ ከሆነ ገዥው ምን አገባው?

ነብሩ ከባተን ሩዥ፦
ገዥው ልክ ነበር! ፊሸርን ለቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የቀጠረው ማን ሆነና? ራሱ ዉድዋርድ ነው። ኬሊንም እሱ ነው የቀጠረው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዲህ ዓይነት ውል ከፈረመ ሦስተኛውን አሳልፈህ ትሰጠዋለህ?

ሒሳብ ሠራተኛው፦
እሺ፣ ገዥው ረጅም ውልና ትልቅ ካሳ ይብቃን አለ። ከወር በኋላ ኤልኤስዩ ለኪፊን ሰባት ዓመት ሰጠው። ሲደመር 91 ሚሊዮን አካባቢ። ታዲያ ምኑ ነው የበቃው?

ነብሩ ከባተን ሩዥ፦
ዋንጫ የሚፈልግ ይከፍላል። ባተን ሩዥ ቅዳሜ ማታ መጥተህ ስታዲየሙን አይተህ ታውቃለህ? እኔ ከአዲስ አበባ ስመጣ የቆምኩበት የመጀመሪያ ቦታ እሱ ነው። ማንንም በማላውቅበት አገር አንድ ሰው የኤልኤስዩን መፈክር «ጎ ታይገርስ» ብሎ አቀፈኝ። ለእናንተ ቁጥር ነው፣ ለእኔ ቤቴ ነው።

ቀይና ሰማያዊ፦
ለእኔም ኦክስፎርድ ቤቴ ነው። ለዚህ ነው የቆጨኝ። እንዲያውም አንድ ነገር ልንገርህ። ኪፊን የሄደው እሁድ ነው። የአዲስ ተጫዋቾች ፊርማ የተጀመረው ረቡዕ። ሦስት ቀን! ለኦል ሚስ ቃል የሰጡ ልጆች ሦስት ቀን ውስጥ ሕይወታቸውን ይወስኑ? እኩል የሚሆኑት አሰልጣኝ ቅጥር ከፊርማው በኋላ ሲሆን ነው።

ነብሩ ከባተን ሩዥ፦
እሱ ላይ እስማማለሁ። ካላንደሩ የተበላሸ ነው። ፊርማውን ወደ ፌብሩዋሪ ብቻ ይመልሱት፣ ብዙ ነገር ይስተካከላል። ግን የካላንደሩን ጥፋት ሰውየው ላይ አትጫኑት። እኩል ናቸው ያልኩት እኩል ነው፣ አልለውጥም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
390 ሺህ እና 54 ሚሊዮን። መልስ አልሰጠኸኝም።

ነብሩ ከባተን ሩዥ፦
ሰጥቻለሁ፣ ውል ውል ነው ብያለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እናንተ ቀጥሉ። ትንሹ ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፣ እሱንም መደወል ጀምረዋል። አንዱ ትምህርት ቤት የሚያስፈርሙትን ውል ናሙና ልኮልናል። ሒሳብ ሠራተኛው፣ ዛሬ ማታ ከሥራ ስመለስ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ በውስጥ ብልክልህ ታየዋለህ? «አሰልጣኙ ቢሄድ» የሚል መስመር ፈልጌ አጣሁ። ልጁ ቢሄድ የሚለው ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ላኪው እህቴ። ጠበቃ ጓደኛዬንም አብሬ አሳየዋለሁ። እስከዚያ ምንም አትፈርሙ።

ነብሩ ከባተን ሩዥ፦
እህቴ፣ ለእኔም ላኪልኝ። የምንከራከረው ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው።