ጉልበቱ የእኛ ከሆነ መሬቱስ?

እባካችሁ ዞሮብኛል፣ አስረዱኝ። ደሴ ሆኜ በግሌ ፍልስፍና አነባለሁ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ሰው የገዛ አካሉ ባለቤት ነው ይላል፤ ጉልበቱን የቀላቀለበት፣ ማለትም ሠርቶ ያለማው፣ ባለቤት አልባ መሬትም የራሱ ይሆናል። እሺ ብዬ ነበር። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ ደግሞ (የግል ንብረት ጠበቃ ሆኖ ሳለ!) አንድ ጣሳ የቲማቲም ጭማቂ ባሕር ውስጥ ብደፋ ባሕሩ የኔ ይሆናል ወይስ ጭማቂዬን አባከንኩ? ብሎ ይጠይቃል። ሳቅሁ። ከዚያ አባባ ትዝ አሉኝ።

ኩታበር ላይ ድንጋይ በትከሻቸው እያመላለሱ እርከን ሠርተዋል። ጣቶቻቸው ዛሬም በደንብ አይታጠፉም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬቱ አይሸጥም፤ በጉልበታቸው ባሻሻሉት ላይ ግን መብት አላቸው። ታዲያ እርከኑን ከአፈሩ በምን ልለየው? ሎክ ደግሞ ለሌላውም በቂና ጥሩ መሬት ይትረፍ ይላል። እኛ ጋ የት ተርፎ! የአካሌ ባለቤት መሆኔ ብቻውን እስከ መሬቱ ያደርሰኛል? የገባው ካለ በቀላል አማርኛ ይጻፍልኝ።