የናፍጣ ጥላሸት ማቃጠያ ካታሊስት፦ የትኛውን ሙቀት ልመዝግብ?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ የናፍጣ ጥላሸትን ዝቅ ባለ ሙቀት የሚያቃጥል ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ቃጠሎውን የሚያፋጥን ነገር)፣ ማለትም የሴሪየምና የኮባልት ድብልቅ ኦክሳይድ አዘጋጅቻለሁ። ዱቄቱን ከጥላሸቱ ጋር በሙቀጫ ፈጭቼ ስፈትነው የጥላሸቱ እኩሌታ በ390 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነድዶ ያልቃል፤ በማንኪያ ብቻ ሳማስለው ግን ቁጥሩ ከ500 ያልፋል። ያለ ካታሊስት 600 አካባቢ ነው። ዝቅተኛውን ቁጥር ማውጣት ያጓጓል፤ ነገር ግን የጣና ጀልባ ጥላሸቱን በሙቀጫ ወቅጦ አይተፋም። የትኛውን ልያዝ?

መላሽ 1
ሁለቱንም ይጻፉ፤ ክብደቱን ግን በማንኪያ ለተማሰለው ይስጡ። ካታሊስቱም ጥላሸቱም ጠጣር በመሆናቸው፣ ከኦክሳይዱ ገጽ የሚነሣው ንቁ ኦክስጅን ካርቦኑን የሚያገኘው ሁለቱ በተነካኩበት ነጥብ ላይ ነው፤ ሙቀጫው ይህን ንክኪ በጉልበት ይፈጥራል፣ ጭስ ማውጫው ላይ በሚገጠመው የጥላሸት ማጣሪያ ግድግዳ ላይ ግን ጥላሸቱ እንደ ብናኝ ያርፋል እንጂ አይጣበቅም። የመኪና አምራቹ ፔዦ በ2000 እ.ኤ.አ. በ607 ሞዴሉ ላይ ማጣሪያ ሲያስገባ የሴሪየም ውሁድን ከነዳጁ ጋር የቀላቀለው ለዚሁ ነው፦ ሴሪየሙ ጥላሸቱ ሲፈጠር አብሮ ስለሚገባ የንክኪው ችግር ከመነሻው ይቃለላል።

በእርስዎ ቦታ ብሆን በሙከራው ጋዝ ላይ ናይትሪክ ኦክሳይድ እጨምር ነበር። ኮባልት ኦክሳይድ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ይህም ጋዝ ስለሆነ ንክኪ ሳያስፈልገው ጥላሸቱ ዘንድ ይደርሳል፣ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ባለው ሙቀትም ማቃጠል ይጀምራል። ለመሆኑ ለሙከራው ስንት ሚሊግራም ናሙና ነው የጫኑት?

መላሽ 2
እኔ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ወደቡ ዳር ቆሞ ሰው ሲጠብቅ ሞተሩ ያለ ጭነት ስለሚሠራ ጭሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ጭስ ማውጫው በውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነማ፣ ማጣሪያው ውኃው ከሚገባበት በፊት ካልተገጠመ የምትሉት 250 ዲግሪ አይገኝም። ደግሞ የእምቦጭ አመድ ፖታሲየም አለውና ይጨመርበት ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያስኬዳል ወይ?

መላሽ 1
ፖታሲየም በእርግጥ ይረዳል፤ በገጹ ላይ በቀላሉ ስለሚንቀሳቀስ ልል የሆነውን ንክኪ ያጠብቃል። ችግሩ ግን በውኃ ይሟሟል፣ በከፍተኛ ሙቀትም ይተናል፤ ከአመዱም ጋር ክሎሪን ይመጣል። ስለዚህ ናሙናውን በውኃ አጥቦ እንደገና መፈተን ግድ ነው፤ ከታጠበ በኋላ ቁጥሩ ካሻቀበ ለጀልባ አይሆንም። ናፍጣው ድኝ የበዛበት ከሆነ ደግሞ ሴሪየሙ ራሱ ወደ ሰልፌት እየተለወጠ ይዳከማል።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጫንሁት 30 ሚሊግራም ነበር፣ ማቅጠኛም አልጨመርሁበትም።

መላሽ 1
እንግዲያው የሙቀጫው 390ም ያጠራጥራል። ጥላሸቱ ሲነድ የሚያወጣው ሙቀት ናሙናውን ራሱን ከምድጃው በላይ ያግለዋል፤ መጠኑን ቀንሰው ከሲሊኮን ካርባይድ (ከማይነድ ዱቄት) ጋር አቅጥነው ይድገሙት።